ማሽኑ ውሃ «አይስብም»፦ ልብስ ማጠቢያችሁ ባዶውን ሲያጉረመርም ምን እየሆነ ነው?

ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ልብሱ ገብቷል፣ ኦሞው ተጨምሯል፣ በሩ ተዘግቷል። ማሽኑ ቀጭ ይላል። ትንሽ «እምምም» ይላል። ከዚያ ዝም። ቆይቶ መጮህ ይጀምርና ስክሪኑ ላይ የማይገባ ፊደል ይጽፋል። ወዲያው ስልክ ይነሳል፦ «ማሽኑ ውሃ አልስብ አለ፣ ተበላሸ መሰለኝ።»

እኔ ሱቅ ከፍቼ የምጠግን ሰው አይደለሁም። ጎረቤትና ዘመድ ግን ይጠራኛል፣ ክፍያውም ቡና ነው። አብዛኛውን ጊዜ በረካውን ጠጥቼ የምወጣው ካቻቪቴ ሳላነሳ ነው። ማሽኑ ደህና፣ ችግሩ ከማሽኑ በፊት ያለው መንገድ ላይ። ይህን መንገድ አንድ በአንድ እንየው።

«መሳብ» የሚለው ቃል ነው ያሳሳተን

ማሽኑ ውሃ አይስብም። ጤነኛ ሆኖም አይስብም። ውስጡ ፓምፕ አለ፣ እሱ ግን የታጠበበትን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋ ነው። በመግቢያው በኩል ያለው ፓምፕ ሳይሆን በር ነው። ቫልቭ ይባላል፤ ከማሽኑ ጀርባ ጎማው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይከፈታል፣ ሲያጣ ይዘጋል። ሥራው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ውሃው በራሱ ጉልበት መግባት አለበት።

ይቺ በር ደግሞ ጠባይ አላት። ኤሌክትሪኩ ብቻውን አይከፍታትም። ውስጧ ላስቲክ አለች፣ ላስቲኳ ላይ በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለች። ማግኔቱ የሚያነሳው ያቺን ቀዳዳ የደፈነችውን ትንሽ ብረት ብቻ ነው፤ ላስቲኳን ራሷን ገፍቶ መንገዱን የሚከፍተው የውሃው ግፊት ነው። የከብት በረት አስቡ። ትንሽ ልጅ መወርወሪያውን ስቦ ያወጣል፣ በሩን ገፍተው የሚወጡት ግን ከብቶቹ ናቸው። ከብቶቹ አቅም ከሌላቸው ልጁ መወርወሪያውን መቶ ጊዜ ቢስበውም በሩ ንቅንቅ አይልም። ማሽናችሁ «እምምም» እያለ ውሃ ካልገባ ልጁ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፣ የደከሙት ከብቶቹ ናቸው።

ግፊት ከየት ይመጣል?

ከከፍታ። ከላይ ያለው ውሃ የታችኛውን ይጫነዋል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ነው። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ለማነጻጸር ያህል የቤት መኪና ጎማ ከ2 ባር ትንሽ በለጥ ያለ ነፋስ ይይዛል።

የደሴ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይደክምም። ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ወርዷል። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቧንቧ ዘርግታችሁ ውሃ ብትሞሉበት ታችኛው ጫፍ ላይ ከ60 ባር በላይ ይጫናል፣ የቤት ቧንቧ እንደ ፊኛ ነው የሚፈነዳው። እዚያው ከተማ ውስጥም ቢሆን ታች ያለው ቤት ቧንቧው ሲፎክር፣ ወደ ጦሳ ሽቅብ የወጣው ጎረቤቱ ቤት ጠብ ጠብ የሚለው በዚሁ ሒሳብ ነው። አድልዎ የሚመስለን ብዙ ጊዜ ዳገት ነው።

ማሽኑስ ስንት ይፈልጋል? መመሪያው ላይ ወይም ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ዝቅተኛው ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 1 ባር ባለው መካከል ነው፣ ከፍተኛው ደግሞ 8 ወይም 10 ባር። «ሜጋ ፓስካል» በሚባለው መለኪያ ከተጻፈ በ10 አባዙት። 0.05 ሜጋ ፓስካል ማለት 0.5 ባር ነው።

ሮቶዬ ውሃ አለው፣ ታዲያ ለምን?

ጎረቤታችን ያሉ እናት ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸው ማሽን አላቸው። አንድ ቀን ጠሩኝ። «ልጄ፣ ወላሂ ትናንት ይሠራ ነበር! ዛሬ ሞተ።» «እማማ አብሽሩ፣ አልሞተም» አልኳቸውና ወጥቼ ሮቶውን አየሁ። ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሮቶው የተቀመጠበት የብረት ማማ 3 ሜትር ነው። ሲሞላ ውስጡ ያለው ውሃ 1.3 ሜትር ያህል ይቆማል። ስለዚህ የውሃው አናት ከመሬት 4.3 ሜትር ላይ ነው። የማሽኑ ቫልቭ ደግሞ ከመሬት ወደ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ እሱ ይቀነሳል። 3.3 ሜትር ቀረ፣ ማለትም 0.33 ባር። የሳቸው ማሽን ዝቅተኛ ልክ 0.3 ባር ነው፣ በጭንቅ አለፈ። በማግስቱ ውሃው ወርዶ 20 ሳንቲሜትር ሲቀረው ግፊቱ 0.22 ባር ሆነ። ቧንቧው ሲከፈት አሁንም ይፈሳል፣ ሳፋ ይሞላል፣ ጀበና ይሞላል። የማሽኑን በር መግፋት ግን አልቻለም። ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ግፊት ከውሃው ብዛት ጋር አይገናኝም። ባለ 1,000 ሊትሩም፣ በወርድ የሰፋው ባለ 5,000 ሊትሩም የውሃቸው አናት እኩል ከፍታ ላይ እስከሆነ ድረስ የሚሰጡት ግፊት አንድ ነው። ማሽኑ እንዲሠራለት ብሎ ትልቅ ሮቶ ገዝቶ እዚያው ዝቅተኛ ማማ ላይ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ውሃው ቆየለት እንጂ ማሽኑስ ያው ነው። መስመሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ቀጭን፣ ረጅምና መጠምዘዣ የበዛበት ቧንቧ ከሆነ ውሃው መንገድ ላይ ይደክማል።

ግፊቱ አንሶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በባልዲ። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ቧንቧውን ዝጉ፣ ጎማውን ከማሽኑ ጀርባ ፍቱ። ጫፉን ማሽኑ ላይ በነበረበት ከፍታ ባልዲ ውስጥ ያዙትና ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ከፍታውን አትርሱ፤ መሬት ላይ ብታስቀምጡት አንድ ሜትር የሚጠጋ ግፊት በነፃ ሰጣችሁት ማለት ነው፣ ፈተናው ይዋሻችኋል። ባለ 10 ሊትር ባልዲ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ከሞላ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። እንደ ሽንት ቀጭን ሆኖ ከፈሰሰ ግን መልሱን አገኛችሁ። ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሱ፦ ሳራቺኔስካው ተዘግቶ ይሆናል፣ ጎማው ከማሽኑና ከግድግዳው መካከል ታጥፎ ይሆናል። መታጠፉ በጣም የተለመደ ነው። ቤት የጠረገ ሰው ማሽኑን ወደ ግድግዳ ገፋ ያደርገዋል፣ አለቀ።

ግፊት ከሌለ ምን ይደረጋል?

አንደኛው ሮቶውን ከፍ ማድረግ ነው። ግን 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናል። ያንን አናታችሁ ላይ ስትሰቅሉ ማማውን የሚበይደው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ይሁን፣ መሠረቱም በኮንክሪት ይሁን።

ሁለተኛው ከሮቶው በኋላ ትንሽ አውቶማቲክ ፓምፕ ማስገባት ነው። ቧንቧ ሲከፈት ራሱ ይነሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። ለብዙ ቤት የሚሻለው ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ የሻወሩንም ነገር አብሮ ይፈታል። ሮቶው ባዶ ሆኖ እንዳይሠራ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ያለ ውሃ የዞረ ፓምፕ ይቃጠላል። ከመንገዱ መስመር በቀጥታ እንዲስብ ግን አታድርጉት። የጎረቤትን ድርሻ ከመውሰዱ ሌላ፣ መስመሩ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ ጭቃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያንን ደግሞ ትጠጡታላችሁ።

ሦስተኛ፣ ለዝቅተኛ ግፊት ተብሎ የሚሠራ ቫልቭም አለ። ከተገኘና ለማሽናችሁ የሚገጥም ከሆነ መቀየር ይቻላል።

ዛሬውኑ ልብሱ መታጠብ ካለበትስ? በጆግ ሙሉት። ፊት ለፊት የሚከፈት ማሽን ከሆነ በኦሞ መጨመሪያው መሳቢያ በኩል ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ በቀጥታ ወደ ከበሮው ይወርዳል። ለአንድ ሙሌት 10 ወይም 15 ሊትር ያህል ይፈጃል። በቂ ሲሆን ማሽኑ ራሱ መዞር ይጀምራል፣ ያኔ አቁሙ። ለማለቅለቂያው እንደገና መሙላት አለባችሁ፣ ያውም ሁለት ሦስት ጊዜ። እዚያው ቆሞ መጠበቅ ነው እንግዲህ፣ ከሳፋ እጥበት ብዙም አይሻል።

በነገራችን ላይ ባለ ሁለት ጉድጓዱ ማሽን፣ ያ በአንድ ጎን አጥቦ በሌላ ጎን የሚጨምቀው፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ውሃውን ራሳችሁ ናችሁ የምትሞሉት። ሰው ዘመናዊ አይደለም ብሎ ይንቀዋል። ውሃ በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት ቤት ግን እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ወንፊቷን አይታችኋታል?

ጎማው ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ከውስጥ፣ የጣት ጫፍ የምታህል የፕላስቲክ ወንፊት አለች። ሥራዋ አሸዋና ዝገት ወደ ቫልቩ እንዳይገባ መያዝ ነው። በአንዳንድ ጎማ ደግሞ በቧንቧው በኩል ሁለተኛ ወንፊት አለ።

የፈረቃ ውሃ ለዚች ወንፊት ጠላት ነው። መስመሩ ቀናት ባዶ ሲቆይ ውስጡ ያለው ዝገትና ደለል ይደርቃል፣ ይላቀቃል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ ነፋስ ይተፋል፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ የቀላ ውሃ ይመጣል። ያንን ወደ ማሽኑ ከለቀቃችሁት ወንፊቷ በአንድ ቀን ትደፈናለች። ውሃ የመጣ ቀን መጀመሪያ ጥቂት ባልዲ ቅዱና ለመጸዳጃ ቤት አስቀምጡት፣ ሲጠራ ለማሽኑ ክፈቱለት። ሮቶውንም በየጊዜው ካላጠባችሁ ከታች የተኛው ደለል ውሃው ሊያልቅ ሲል ሁሉ ይወርዳል።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ሶኬቱ ይነቀል፣ ቧንቧው ይዘጋ፣ ጎማው በእጅ ይፈታ። ትንሽ ውሃ ስለሚፈስ ሳፋ ከሥር ይደረግ። ወንፊቷ መሃል ላይ የምትያዝበት ጉብ ያለች ነገር አለቻት፣ በፒንሳ ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቧት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹ። ነጭ ድንጋይ ነገር ከያዘች፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት፣ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ዘፍዝፏት። መልሳችሁ ስታስሩ የጎማውን የላስቲክ ቀለበት አትርሱ፣ በእጅ ብቻ ጠበቅ አድርጉ።

አደራ፣ «ውሃ በደንብ እንዲገባ» ብላችሁ ወንፊቷን አውጥታችሁ እንዳትጥሉ። ለጥቂት ሳምንት ተአምር ይመስላል። ከዚያ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ላስቲኳ ሥር ትገባና ቫልቩ መዝጋት ያቅተዋል። ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ ውሃ ይገባል፣ ሌሊት ይሞላል፣ ጠዋት ምንጣፉ ዋና ይማራል።

ውሃው ሲገባ ይሰማኛል፣ ግን አይሞላም

ይሄ ሲያጋጥማችሁ ዓይናችሁን ወደ መውጫው ጎማ አዙሩ። ብዙ ቤት የቆሻሻ ውሃ ማስወጫው ጎማ የመታጠቢያ ቤቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ጫፉ የወለሉ ጉድጓድ ውስጥ ተወትፎ ነው የሚገኘው። ስህተቱ እዚያ ነው። ውሃ ዝቅ ያለ መንገድ ካገኘ ማንንም አይጠብቅም። ከላይ ሲገባ ከታች ይወጣል፣ ማሽኑ ሲሞላ ይውላል፣ ሮቶውን ባዶ ያደርገዋል። ቤንዚን በጎማ ስቦ ከበርሜል ወደ ጀሪካን ያወረደ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል፣ ጫፉ ዝቅ ካለ ወራጁ አይቆምም።

መፍትሔው ጎማውን ከመሬት ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። ማሽኑ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ለዚሁ የተሠራ መያዣ አለ፣ ከጠፋም ሲባጎ ይበቃል። ጫፉ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድም ዙሪያው በጨርቅ አይታፈን፣ ነፋስ ይግባበት።

ማሽኑ መሙላቱን በምን ያውቃል?

ሕፃናት ሳፋ አጠገብ ሲጫወቱ ብርጭቆ ገልብጠው ውሃ ውስጥ ይደፍቃሉ። ውስጡ የታመቀው ነፋስ እጃቸውን ወደ ላይ ይገፋል። ማሽኑም ይህንኑ ነው የሚጠቀመው። ከበሮው ሥር ትንሽ የነፋስ ጓዳ አለች፣ ከሷ ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ አንድ ክብ ነገር ላይ ይገባል። ውሃው ከፍ ሲል ቱቦው ውስጥ ያለው ነፋስ ይታመቃል፣ ክቡም «በቃ፣ ሞልቷል» የሚል መልእክት ይልካል።

ጓዳዋ በኦሞ ዝቃጭ ከተደፈነች ነፋሱ ታምቆ ይቀራል። ማሽኑ ባዶ ሆኖ የሞላ ይመስለዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ውሃ ሳይጠይቅ፣ ቫልቩም ሳያጉረመርም፣ ደረቅ ልብስ ይዞ መዞር ይጀምራል። ቱቦው ሾልኮ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፣ አይጠግብም። ይህን ማጽዳት ክዳን መክፈት ይፈልጋል፣ እጃችሁ የማይፈታ ከሆነ ተዉት። ኦሞ ማብዛቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ማቆም ይቻላል።

ሌሎች ጥቃቅኖች

በሩ ካልተቆለፈ ማሽኑ ውሃ አያስገባም። «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ካልሰማችሁ የልብስ ጫፍ ተይዞ እንደሆነ እዩ። ልጅ እየነካካ «ቆይቶ ይጀምር» የሚለውን ቁልፍ አብርቶት ከሆነ ማሽኑ ሰዓቱን እየጠበቀ እንጂ አልተበላሸም። ከጀርባው ሁለት መግቢያ ያለው ማሽን ከሆነ ሰማያዊው ለቀዝቃዛ፣ ቀዩ ለሙቅ ነው። ቀዝቃዛውን ብቻ አስራችሁ በሙቅ ማጠቢያ ካዘዛችሁት የማይመጣ ሙቅ ውሃ ሲጠብቅ ይኖራል። በቀዝቃዛ እዘዙት።

የሚጽፈው ፊደልስ? ኤልጂ «አይ ኢ»፣ ሳምሰንግ «4ሲ» ወይም «4ኢ» ካለ ውሃ በጊዜው አልደረሰኝም ማለቱ ነው። ለምን እንዳልደረሰው ግን አይነግራችሁም። እሱን ከሮቶው ጀምራችሁ ራሳችሁ ነው የምታገኙት።

ጠጋኝ የሚጠራው መቼ ነው?

ባልዲው በደንብ ከሞላ፣ ወንፊቷ ከጸዳች፣ በሩ ከተቆለፈ፣ መውጫው ጎማ ከፍ ብሎ ከታሰረ፣ ያኔም ካልገባ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። የቫልቩ ማግኔት ተቃጥሎ ይሆናል፣ ወይ ወደሱ የሚሄደው ሽቦ ተቆርጧል፣ ወይ ትእዛዝ የሚሰጠው ቦርድ ታሟል። መብራት እየሄደ በሚመጣበት፣ ቮልቱም ከፍ ዝቅ በሚልበት ቤት ቦርድ ብዙ ጊዜ ተጠቂ ነው። ስታብላይዘር የምመክረው ለዚህ ነው።

ከዐረብ አገር የመጣ ማሽን ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ጀርባው ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ። ሳዑዲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቤት መብራት 127 ቮልት ነበር፣ ለዚያ የተሠራ ዕቃ የኛን 220 ቮልት አይችልም። ያለ ትራንስፎርመር ተሰክቶ ከነበረ ወንፊት ብታጸዱም ዋጋ የለውም።

ቴክኒሻኑ መጥቶ ገና ሳይከፍት «ቦርዱ ነው» ካላችሁ ቀስ በሉ። ቦርድ ከማሽኑ ዕቃዎች ውድ ከሚባሉት ነው፣ ቫልቭ ግን ከሱ በጣም ይረክሳል። ሶኬቱን ነቅሎ የቫልቩን ሁለት ጫፎች በቴስተር ይለካላችሁ። የ220 ቮልት ቫልቭ ጤነኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ያሳያል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ የተቃጠለው ቫልቩ ነው፣ ቦርዱን ባለበት ይተወው። ልኬቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል።